የድክመት ካሳ

መምህርት ኡባህ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ፎቅ የምታስተምረው ትምህርት «የማይበገር ተማሪ» ይባላል። ሥራ ያላገኙ ተመራቂዎችም ይገቡበታል፤ ፈተና የለውም፣ ማርክ የለውም። በዚያ ሳምንት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቶ የወደቀ ይነሳል፤ የት እንደወደቀና ምን እንደተባለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ክፍሉ ያጨበጭብለታል። ከዚያ ኡባህ ሁለት እጇን ዘርግታ «‹አይሆንም› ማለት ምን ማለት ነው?» ትላለች። ተማሪዎቹም በአንድ ድምፅ «‹ገና ነው› ማለት ነው» ብለው ይመልሳሉ። ከሕንፃው ሥር ሻሂ የሚሸጡት ሴቶች ጭብጨባውን በሰሙ ቁጥር ሠርግ እየመሰላቸው እልል ይሉ ነበር። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ተዉት።

ኡባህ ራሷ በዕድሜዋ የገባችው ቃለ መጠይቅ አንድ ብቻ ነው። ጠያቂው የዩኒቨርሲቲው ባለቤት፣ የእናቷ ወንድም ነበር። ጥያቄውም «መቼ ትጀምሪያለሽ?» የሚል ነበር። ይህንንም ቢሆን፣ ራሷ እንደምትናገረው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች በሙሉ መተማመን ነው የመለሰችው።

በዚያ ክፍል እንደ ሮብሌ የተጨበጨበለት ሰው የለም። ሮብሌ በሒሳብ አያያዝ ከተመረቀ ከርሟል። በቁጥር የሚደርስበት የለም፤ ችግሩ ሰው ፊት ሲቀመጥ ነው። ገና «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉት ላቡ ከግንባሩ ይነሳና በአንገቱ አድርጎ ሸሚዙን ያረጥበዋል፤ አንደበቱም ከላቡ ጋር አብሮ ይወርዳል። የሐርጌሳ ሰው ደግሞ ስም ሲያወጣ አይራራም፤ አንካሳውን አንካሳ፣ ጆሮ ትልቁን ጆሮ ይለዋል፣ ባለቤቱም «አቤት» ይላል። ሮብሌን «ቃለ መጠይቅ» አሉት። «ቃለ መጠይቅ፣ እናትህ ትፈልግሃለች።» «ቃለ መጠይቅ፣ ኳሷን ወዲህ በላት።» ሰላም የሚለው ጎረቤት ሞልቷል፤ በስሙ የሚጠራው ግን ከእናቱ በስተቀር ጠፋ።

የዚያን ረቡዕ ሮብሌ ተነሳና በከተማው ትልቁ የጭነት ማመላለሻ ኩባንያ እንደወደቀ ተናገረ። ተጨበጨበለት።

«ምን ጠየቁህ?» አለች ኡባህ።

«ድክመትህ ምንድን ነው አሉኝ።»

«እንዳስተማርኩህ መለስክ?»

«አልመለስኩም።»

ክፍሉ በሙሉ አቃሰተ። የኡባህ ትምህርት ቁንጮ ይህ ጥያቄ ነበርና። መልሱም አንድ ነው፤ «ድክመቴ ሥራ መውደዴ ነው፣ ሳልጨርስ ቤቴ አልገባም» ይባላል። የከተማዋ ቀጣሪዎች መልሱን ከመልመዳቸው የተነሳ ማስረጃ ሳያዩ ልጁ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደመጣ ያውቃሉ።

«ታዲያ ምን አልክ?»

«ሰው ፊት ስናገር ላብ ያጠምቀኛል አልኩ።»

«እነሱስ?»

«ሥራ አስኪያጁ ‹እሱንስ እያየነው ነው› አለ። ከዚያ ሦስቱም ሳቁ።»

ከኋላ ወንበር ሊስቁ የቃጡ ነበሩ፤ ኡባህ ዓይኗን ስታፈጥባቸው ሳቁን ወደ ጭብጨባ አዞሩት። ሮብሌ ተቀመጠ። ጭብጨባው ያሳፍረዋል። ወድቆ ዝም ቢሉት ይሻለው ነበር፤ ሲያጨበጭቡለት ግን መውደቅ ሙያው የሆነ ይመስለዋል። ይህንን ለኡባህ ሊነግራት ብዙ ጊዜ አስቦ ያውቃል። ብትሰማ ግን ለዚህም ታጨበጭባለች ብሎ ይተወዋል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ኡባህ በረንዳ ላይ ለብቻው ጠራችው።

«ሥራ አስኪያጁን ባሼን አውቀዋለሁ፤ እንግሊዝ ሳይሄድ በልጅነታችን አብረን ተምረናል። አሁን ደወልኩለት። የበርበራ መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ተመልሶ ይምጣ ብሏል።»

ሮብሌ ጆሮውን ማመን አቃተው። «እኔን?»

«አንተን። አደራህን፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ተማመን።»

«በማን?»

«በራስህ ነዋ።»

ሮብሌ ሌላ ሰው ቢሰጡት ይመርጥ ነበር። ግን አመስግኖ ወረደ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ የበርበራው መጋዘን የቀረው አንድ ዓይኑ ነው። በርበራ የወደብ ከተማ ናት፣ ከሙቀቷ የተነሳ ድንጋይ ያልበዋል፤ እዚያ ሁሉም ሰው ስለሚያልበው የእሱን ላብ ለይቶ የሚያይ አይኖርም። ይህንን እያሰበ ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

ደስ ያለው ሰው ወሬ ያበዛል። ሮብሌም ያቺን ማታ እናቱ ሻሂ ስትቀዳ፣ አጎቱ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ጥርሱን ሲፍቅ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አወራው። ይህ አጎት አዴር ሂርሲ ነው። የሮብሌ አባት ከሞተ ጀምሮ ልጁን ያሳደገ እሱ ነው። ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከዘራው ከእጁ የማይለይ ሽማግሌ ነው። ድሮ ሁለት ጎሳ በጉድጓድ ውኃ ተጣልቶ ጠመንጃ ሲያነሳ ሂርሲን ጥሩት ይባል ነበር። ከብቱ በድርቅ ካለቀ ወዲህ ግን የሚያጣላውም ነገር አብሮ አለቀ፤ የተረፈውንም ጠብ ፍርድ ቤት ወሰደው። ሂርሲ ሳይጠሩት ውሎ ሳይጠሩት ያመሻል። ይህ ያንገበግበዋል፤ ግን አይናገርም።

«ቆይ አዴር፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለ ሂርሲ። እዚያ አገር አጎትና የወንድም ልጅ የሚጠራሩት በአንድ ቃል ነው፤ ታናሹ «አዴር» ሲል ታላቁም «አዴር» ብሎ ይመልሳል። «ድክመትህን ጠየቁህ?»

«አዎ።»

«ቤታቸው ጠርተውህ?»

«ቢሯቸው።»

«ቢሮስ ቤት አይደል? እንግዳ ብለው አስቀምጠው ነውርህን ጠየቁህ?»

«ሁሉንም ይጠይቃሉ፣ አዴር። የሥራ ወግ ነው።»

«ስንት ሆነው?»

«ሦስት።»

«ምስክር አለ ማለት ነው። አንተስ ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ሳቁ?»

«ሳቁ።»

ሂርሲ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ፤ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የቆየ ብርሃን ተመልሶ መጣ። «ይሄ ሓል አለበት» አለ።

ሓል የተነካ ክብር ካሳ ነው። ሰው በሰው ፊት የተሰደበ ወይም ጥምጥሙ የተጣለ እንደሆነ የበዳይና የተበዳይ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ይክሳል፣ ይበላል ይጠጣል፣ ነገሩ ያልቃል። በቃለ መጠይቅ ሰበብ ሓል የጠየቀ ሰው ግን እስከዚያች ማታ አልተሰማም።

«ላቡን እንደሁ ከእኔ ወገን አላመጣውም» አለች እናቱ ብርጭቆ እየሞላች።

«አንቺ ደግሞ ሌላ ስድብ አትጨምሪ፤ አንዱን ገና አላስከፈልንም።»

ሮብሌ ደነገጠ። «አዴር፣ ስለ አላህ ተወው። ቅዳሜ ሌላ ዕድል ሰጥተውኛል።»

«ቅዳሜ? መልካም። በስንት ሰዓት?»

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው ይዋሻል። ሮብሌ ግን ድክመቱን ሲጠይቁት ድክመቱን የሚናገር ልጅ ነው፤ «ሦስት ሰዓት» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሮብሌ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ሲደርስ የኩባንያው መጠበቂያ ክፍል በቀይ ጢምና በነጭ ጢም ሞልቷል። ወንበሮቹን ሽማግሌዎች ይዘዋቸዋል። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ግድግዳ ተደግፈው፣ እነዚህ ሁሉ በበርበራው መጋዘን ሊወዳደሯቸው የመጡ መስሏቸው በሥጋት ያያሉ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ እንደ ደንቧ ትመዘግባለች።

«ለየትኛው የሥራ መደብ ነው የመጡት?»

«ለክብር» አለ ሂርሲ።

«እንዲህ የሚባል መደብ አላወጣንም።»

«እናውቃለን። የመጣነውም ለዚሁ ነው።»

ባሼ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። ባሼ ከእንግሊዝ አገር ጠባብ ሱሪና ሰፊ ጥያቄ ይዞ የመጣ ወጣት ነው፤ ሰው ሲናገር ስልኩን ያያል፣ ስልኩን ሲያይ ሰው ይናገር እንደሆነ ይረሳል። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ግን ስልኩን ኪሱ ከተተ። የፈለገ እንግሊዝ ቢማር ሽማግሌ ከደጅ የሚመልስ ሰው በዚያ ከተማ አልተወለደም። ወደ ቃለ መጠይቁ ክፍል አስገባቸው። ወንበር ስላልበቃቸው ግማሾቹ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አሉ። ሮብሌ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኝ ጀመር። የቀረችው አንዲት ዓይኑ ዓይኑ እያየ ልትጠፋ ነው።

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለ ሂርሲ።

ባሼ አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርስ ተያዘ። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉትና እየተቀባበሉ እስከ ላይ አደረሱለት።

«አያትህን አውቃቸዋለሁ» አለ ሂርሲ። «ግመል ሰርቀው ያውቃሉ። ሰው ግን አዋርደው አያውቁም። እንግዲህ በቤትህ ወግ እንሂድ። ድክመትህ ምንድን ነው?»

የቢሮው ሠራተኞች በመስታወቱ በር ተደራርበው ያያሉ። ባሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድክመቴ… ሥራ መውደዴ ነው። ሳልጨርስ ቤቴ አልገባም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ይሄ ድክመት ከሆነማ» አለ አንዱ ከወለሉ ላይ፣ «ከመንደራችን ደካማ የእኔ አህያ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉትም ሳቁ። ያኔ ሮብሌ አንድ ነገር አየ። ከባሼ ግንባር ላብ ተነሳ። በጆሮው አጠገብ ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ገባ። ሮብሌ ያንን መንገድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የሚጠይቅም ሰው ያልበዋል ማለት ነው። ኡባህ በዚያ ሁሉ ረቡዕ ይህችን አልነገረችውም ነበር።

ባሼ ቢጨንቀው አጎቱ ዘንድ ደወለና ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አዴር፣ ሽማግሌዎች ቢሮዬ መጥተው ካሳ ይላሉ።»

«ምን አድርገህ?»

«አንዱን ተወዳዳሪ ድክመቱን ጠይቄ ነበር።»

«ለብቻው?»

«ሁለት ባልደረቦቼ ነበሩ።»

«ነገረህ?»

«ነገረኝ።»

«ከዚያስ?»

ባሼ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ትንሽ ሳቅን።»

ከስልኩ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «አሰላሙ አለይኩም፣ እዚያ ያላችሁ ሽማግሌዎች። ልጁ ያደገው ባዕድ አገር ነው፤ በእኔ ይሁንባችሁ። አንተ፣ በግ አሳርድ፣ ጥፋትህን እመን። ለቅሶ ቤት ነኝ፣ ሁለተኛ እንዳትደውል።»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ባሼ ጥፋቱን አመነ። በጉ ለምሳ እንዲታረድ ተወሰነ። ሂርሲ አንድ ነገር አከለበት፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሰው ድክመት የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የራሱን ይናገር። ባሼ ይህንንም ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ ወደ ግቢው ወርደው ጥላ ያዙ፣ ሮብሌም ተራው ደርሶ ከሦስቱ ጠያቂዎች ፊት ተቀመጠ።

«እኔ» አለ ባሼ በረጅሙ ተንፍሶ፣ «ሰው ሲያናግረኝ ስልኬን አያለሁ። ባለቤቴም በዚህ ታማርራለች። የአንተስ?»

«ላብ ነው» አለ ሮብሌ። ግንባሩ ግን ደርቆ ነበር።

ያን ቀን አንደበቱ ተፈታ። ለየመኪናው የሚቀዳው ናፍጣ ከሄደበት መንገድ ጋር ካልተያየ ኩባንያው የሚነዳው መኪና ሳይሆን ቀዳዳ በርሜል መሆኑን፣ ይህንንም በበርበራው መጋዘን እንዴት መያዝ እንደሚቻል ዘርዝሮ አስረዳ። ባሼ ስልኩን ሳይነካ አዳመጠ። ከሁለቱ ባልደረቦቹ አንዷ «ይሄንን እስከዛሬ ማን ነገረን?» አለች። ሮብሌ ሲወጣ የበጉ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል፤ እሱ ግን ከደስታው ብዛት እህል የሚወርድለት ስላልመሰለው ሳይቀመጥ ሄደ። እናቱን «ሆዮ፣ ዛሬስ ሳይሳካልኝ አልቀረም» አላት። እሷም «ኢንሻአላህ» ብላ በር በሩን ታይ ጀመር።

ማምሻውን ስልኩ ላይ መልእክት ገባ። ስላመለከቱ እናመሰግናለን፣ ለወደፊቱ መልካም ዕድል እንመኛለን ይላል። ሮብሌ ይህን ቃል በቃሉ ያውቀዋል፤ እንደዚያን ቀን ግን አሞት አያውቅም። እስከዛሬ ሲጥሉት ሳያዩት ነው የጣሉት። ዛሬ ግን አይተውታል። ደህና አድርጎ እንደሠራ ራሱ ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፣ እንዲያም ሆኖ አልፈለጉትም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ስልኩን በግንባሩ ደፋው።

ጥቂት ቆይቶ የኩባንያው መኪና ደጃፍ ላይ ቆመ። ሂርሲ ወረደ። አንገቱ ላይ በሰማያዊ ገመድ የተንጠለጠለ ካርድ አለ፤ ፎቶው ላይ ጢሙ ሳይቀር ወጥቷል።

«ምንድን ነው ይሄ፣ አዴር?»

«መታወቂያ ነው። ያለሱ በሩ አይከፈትም አሉኝ።» ሂርሲ ቁጭ አለና ሳይጠየቅ ያወራ ጀመር። ምሳ እየበሉ ሳለ የባሼ ስልክ ይጮሃል። በበርበራ መንገድ የኩባንያው መኪና ግመሎች ገጭቶ እረኞች ሹፌሩን ይዘውታል። ባሼ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይቆጣል። «ስልኩን ተቀበልኩት። የማን ልጆች ናችሁ አልኩ። የአያታቸውን ስም ሲነግሩኝ ቀረ በቃ፤ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ሹፌሩ ተለቀቀ። ባሼ እጄን ስሞ ‹ከእኛ ጋር ይሥሩ› አለኝ። የሽምግልና አማካሪ ይባላል ማዕረጉ።»

«ቃለ መጠይቅ ገባህ?»

«ምኑን ይጠይቁኛል?»

ሮብሌ ስልኩን አሳየው። «እኔስ?»

ሂርሲ ካርዱን በእጁ አገላበጠ። «ባሼ አዝኗል። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ብንቀጥር የዘመድ አሠራር ይመስልብናል ነው የሚለው። ምን ይደረግ፣ የአላህ ሥራ ነው።»

የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ማለት ይሄኔ ነው። እናትየዋ ለሂርሲ ሻሂውን እንደወትሮው ቀዳችለት፤ ስኳር ግን አላደረገችበትም። ሂርሲም መራራውን እስከ አተላው ድረስ ጠጣው፤ ጨምሩልኝ አላለም።

በሚቀጥለው ረቡዕ የክብር እንግዳ ማን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ኡባህ ወሬውን እንደሰማች ሂርሲን ጋበዘችው። በሩ ላይም «በዚህ ዕድሜ እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው ለጠፈች። ሂርሲ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ጉልበቱን ስለሚያመው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ደግፎ ያወጣው ሮብሌ ነው።

«እስቲ ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ሥራውን እንዴት አገኙት?» አለች ኡባህ።

«አላመለከትኩም» አለ ሂርሲ። «ተቀምጬ ሥጋ ስበላ መጣ።»

ተጨበጨበ።

«ምን ይመክሯቸዋል?»

ሂርሲ አሰብ አደረገ። «ሰው አትፍሩ።»

አሁንም ተጨበጨበ። ከኋላ አንዱ «ውሻ በቀደደው ጅብ ገባ» ሲል ጥቂቶች ተንሾካሾኩ። ሂርሲ አልሰማም፤ ካርዱን ደረቱ ላይ አስተካከለ። ኡባህ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች።

«አሁን ደግሞ በዚህ ሳምንት የወደቀ ካለ ይነሳ።»

ሮብሌ ተነሳ። ላቡ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ጀምሮት ነበር። «ወድቄያለሁ» አለ። «አጎቴ ያለፈበት ቦታ።»

እጆች ለማጨብጨብ ተነሱ።

«አልጨረስኩም» አለ ሮብሌ፣ እጆቹም አየር ላይ ቀሩ። ወደ ፊት ሄደና ሂርሲ ፊት ቆመ። ከዘራ ስለሌለው የኡባህን የሰሌዳ ማስመሪያ አንስቶ ወለሉ ላይ ተከለው። «አዴር ሂርሲ፣ ሓል አለብህ።»

«በምን?» አለ ሂርሲ።

«ክብሬን ልታስመልስ ብለህ ወጣህ። የእኔን ውርደት ይዘህ ገባህ፣ ለራስህ መታወቂያ ይዘህ ወጣህ። እነዚህ ሁሉ ሲያጨበጭቡልህም ተቀምጬ ሰማሁ። ምስክር አለኝ።»

ሂርሲ ዙሪያውን አየ። ይህን ሕግ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈርድበት ኖሯል፤ መውጫ እንደሌለው ከማንም በላይ ያውቃል። «ምን ልካስህ?»

«መጀመሪያ በአንተው ደንብ። ድክመትህን በሰው ፊት ተናገር።»

ኡባህ ጣልቃ ልትገባ «ሮብሌ፣ እንግዳ ናቸው እኮ» አለች። ሂርሲ በከዘራው ዝም አሰኛት። ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ ግንባሩ ያብለጨልጭ ነበር።

«ያን ዕለት ባሼ ጠይቆኝ ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «‹ልጁም ጎበዝ ነው፤ ከአንድ ቤት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የምንቀጥር። ምን ይላሉ?› አለኝ። ከግመሎቼ ማለቅ በኋላ አንድም ሰው ና፣ ትፈለጋለህ ብሎኝ አያውቅም። ደስታው አሰከረኝ።» ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ። «እስከ ሠላሳ አያቴ ስቆጥር ምላሴ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ‹የቱ ልጅ?› አልኩት።»

ማንም አልሳቀም። ሮብሌን ከዚያ ሁሉ «አይሆንም» እንደዚህች አንዲት ጥያቄ የወጋው አልነበረም። ሠፈሩ ስሙን ሲረሳበት ችሎታል፤ ያሳደገው ሰው ይረሳኛል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። እንባና ላቡ ተቀላቅሎ ወረደ። ኡባህ ጸጥታው ሲያስጨንቃት የምታውቀው አንድ መላ ብቻ ስለሆነ ማጨብጨብ ጀመረች።

«ገና ነው» አለ ሮብሌ ሳይዞር። እጇን ሰበሰበች።

«ቀሪውን ንገረኝ» አለ ሂርሲ። «ካርዱን ልመልስ?»

«ያዘው። ለግመሎቹ ከአንተ የሚሻል የላቸውም። ቅዳሜ አብረን ባሼ ዘንድ እንሄዳለን። የቱ ልጅ እንደሆንኩ ትነግረዋለህ፤ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቶቼ፣ አንድም ሳትዘል። ‹ቃለ መጠይቅ› አትልም።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ወጥተህ በሩን ከኋላህ ትዘጋለህ። የቀረውን እኔ እናገራለሁ።»

ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ላቡ ከአገጩ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ክፍሉ በሙሉ ያየዋል። አልጠረገውም። ሽማግሌው ግን በጥምጥሙ ጫፍ የራሱን ግንባር ጠረገና ቀና ብሎ አየው።

«እሺ፣ አዴር ሮብሌ» አለ።